የወንድሜ በሶ

በየዓመቱ ጥምቀት ባለፈ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ ከጋይንት አንድ ስልቻ በሶ ይመጣልኝ ነበር። የሚልክልኝ ወንድሜ ነው። እኔ አግብቼ መካነ ኢየሱስ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስልቻውን የሚያመጣው ሰው በየዓመቱ ይለያይ እንጂ መልእክቱ ያው ነው፤ «በሶ ትወዳለች፤ አደራህን ለራሷ ስጥልኝ ብሏል» ይለኛል። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እቀበልና ስልቻውን ጓዳ አስገብቼ ለልጆቼ አድለዋለሁ። ልጆቼ ሲፈልጉ በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል፤ ሲፈልጉ በጨው ጨብጠው ይበሉታል። ባሌ አንድ ቀን «ላንቺ አይደለም እንዴ የተላከው? ምነው አንቺ አትቀምሽውም?» ቢለኝ፣ ሆዴን ይነፋኛል አልሁት። ውሸቴን ነው። በሶ ነፍቶኝ አያውቅም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ሆኖ እንደሚፈጠረው እኔም ፈሪ ሆኜ ተፈጠርሁ። መብረቅ እፈራለሁ፤ ወንዝ መሻገር እፈራለሁ፤ ልጆቼ ባስነጠሱ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ግን በልጅነቴ አንድ ዓመት የፈራሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም። ያን ዓመት የፈራሁት ጅብ ወይም ሽፍታ ቢሆን ኖሮ ለሰው ማውራቱ ባላሳፈረኝ። የፈራሁት በሰሐን የሚቀርብልኝን ምግብ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ደብር ወደ ታች ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቁልቁለት ላይ ነበር። አባታችን ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ነን። ወንድሜን «አያ» እለዋለሁ፤ በእኛ አገር ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቴ የተወውን ዕርፍ የጨበጠውም፣ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመውም እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቃል ታስሮለታል። እናቴ እሱ ከእርሻ ሲመለስ በሩቁ ስታየው ፊቷ ይለወጥ ነበር፤ እኔን ስታይ ያን ያህል አይለወጥም፤ እኔም አልቀየማትም።

ያን ዓመት ገብሱ ሊያሸት ሲል ውርጭ ወረደበት። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ስናየው ማሳው እንዳለ ነጥቷል። ከአውድማ የገባልን ገብስ አንዲት እንስራ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ስንዴውም እንደዚያው ሆነ። ደህና ሆኖ የወጣው በመረሬው መሬታችን ላይ የተዘራው ጓያ ብቻ ነው። ጓያ ዝናብ ቢቀር፣ ብርድ ቢበረታ ግድ የለውም፤ ጥቁር መሬት ካገኘ ይበቅላል። ፍሬው አተር ይመስላል፤ ግን ጠርዝ ጠርዝ አለው፣ መልኩም አመድማ ነው። በደህና ዓመት ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሽሮ ይሆናል፤ ማንም ነገሬ አይለውም። በዚያ ዓመት ግን ከጥር ጀምሮ ጠዋት የጓያ ቂጣ፣ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ሽሮ ሆነ። ከጎኑ ሌላ እህል የለም።

ጓያ እግር እንደሚሰብር በአገራችን የማያውቅ የለም። የተሰበረ ሰው አይሞትም፣ አያመውምም፤ ዕድሜ ልኩን ግን እግሩ አይታዘዘውም። እንዴት አድርጎ እንደሚሰብር ግን ሁሉም የየራሱን ይላል። ጭዱ ላይ የተኛ ነው የሚል አለ፤ አበባው ላይ በጤዛ የተራመደ ነው የሚል አለ። እናቴ ግን እንደ ብዙዎቹ ሴቶች የምትፈራው እንፋሎቱን ነበር። ጓያው ተጥዶ ሊበስል ሲል «ውጡ!» ትለናለች። ከጎጇችን ወጥተን ነፋሱ ከሚነፍስበት በኩል፣ ከአጥሩ ሥር እንቆማለን። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጉልበቷን በአጎዛ ከልላ፣ በረጅም እንጨት ክዳኑን ትገፋዋለች። እንፋሎቱ ቡፍ ብሎ በበሩ ሲወጣ እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ እግሮቼን በቀሚሴ እጠቀልላለሁ። እሷ እየሳለች በነጠላዋ ታራግበዋለች፤ ጥቂት እንፋሎት እንኳ ቤት ውስጥ እንዲቀር አትፈልግም። ከዚያ «አሁን ግቡ፤ ወጥቷል» ትለናለች። የተቀቀለበትን ውሃ ግን ጠብታ አትደፋም ነበር። ንፍሮው ውሃውን እስኪመጠው ድረስ ትጠብቃለች፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው ትላለች።

እኔም እንደ እናቴ እንፋሎቱን ብቻ ፈርቼ ብኖር ደህና ነበር። ነገሩ የተበላሸው በየካቲት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ነው። እናቴ ለነዳያን የምትሰጠውን ንፍሮ አሲዛኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላከችኝ። ከቅጥሩ ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጥ፣ ሰው «ባለ ሁለት ምርኩዙ» የሚለው ደብተራ ነበር። በእግሩ ጣቶች ጫፍ ቆሞ፣ ጉልበቱ እየተፋጨ፣ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። ምርኩዞቹ ድንጋዩን ሲመቱት ገና በሩቁ ይሰማል፤ እኛ ልጆችም ያንን ስንሰማ እንበታተናለን። ያን ቀን ግን መሸሻ አልነበረኝም፤ ቀርቤ ንፍሮውን ዘረጋሁለት።

«ጓያ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያው መልሽው። እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ እኔ ጓያ በቅቶኛል።» አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናንተስ ቤት ሌላ እህል አለ?»

«የለም። ግን እንፋሎቱን እናቴ ታስወጣዋለች።»

ሳቀ። የሳቀው ግን በእኔ አይደለም። «ስሚ፣ ልጄ። እኔ ቤተ ልሔም ድጓ ስማር እንዲህ ያለ ክፉ ዓመት መጣብን። ተማሪ ነኝ፤ ለምኜ ነው የምበላው። በየደጁ የሚሰጠኝ የጓያ ቂጣና የጓያ ንፍሮ ነው፤ እሱም ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም አድሮ። ድስት ከፍቼ አላውቅም። እንፋሎት የሚባል ነገር ፊቴን አልነካኝም። እንግዲህ እኔ በምን ተሰበርሁ?»

«እንጃ፣ አባ።»

«በልቼ ነዋ!»

ቤት ድረስ ሮጬ ለእናቴ ነገርኋት። አማተበች። «ሁለተኛ ከዚያ ሰውዬ ጋር እንዳትነጋገሪ! የደብተራ ነገር ምኑ ይታመናል? በአፉ ሊያሟርትብን ነው» አለች። እኔ ግን አልተውኋትም፤ ጓያ አልበላም አልሁ። ያኔ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «እና ምን ልስጥሽ? ድንጋይ ልቀቅልልሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ልስጥሽ?» ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። እናቴም እንደ እኔ እንደምትፈራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቂጣዬን ተቀበልሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ተኝቼ እንዳለሁ የእግሬን ጣቶች አንቀሳቅሳለሁ። ባቴን እጨብጣለሁ። አንዳንዴ እግሬ ደንዝዞ ካደረ ደሙ ተመልሶ እስኪነዝረኝ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። የዋጥሁት ንፍሮ ሁሉ ወደ ጉልበቴ እየወረደ የሚጠራቀም ይመስለኝ ነበር። ሳማ ሲበቅል ሳማ እየለቀምሁ በልቼ ጠገብሁ እላለሁ፤ አጋም ሲደርስ አጋም እበላለሁ። አንድ ሰው ግን በሳማና በአጋም አይኖርም።

እናቴ ያችን የእንስራ ገብስ እንደ ጽላት ነበር የምትጠብቃት። ከሱ ላይ እየቆነጠረች በሶ ታዘጋጃለች፤ ለአንድ ሰው፣ በቀን አንድ ጭብጥ። ለወንድሜ ነው፤ አራሽ ስለሆነ። እኔ በምሳ ሰዓት የሁለታችንን ንፍሮና የእሱን በሶ ይዤ እርሻ እወርዳለሁ፤ አብረን ከበሬዎቹ ጥላ አጠገብ ተቀምጠን እንበላለን። በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ቀን በሶውን ጨብጦ ወደ አፉ ሲወስድ፣ «አያ፣ በሶ አማረኝ» አልሁት።

አየኝ። ከስቼ ነበር። ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። እኔም የንፍሮዬን ሰሐን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«ይህንንስ አትበይም?»

«አንተ ብላው። እኔ በበሶው ጠገብሁ።»

«ከጠገብሽማ» ብሎ በእፍኙ እያፈሰ በላው። እርሻ ላይ የዋለ ሰው ነው፤ ምን ቢሰጡት አይበቃውም። በማግሥቱ በሶውን ለሁለት አልከፈለውም፤ እንዳለ ሰጠኝ። «ብዪ፤ አንች ልጅ የበሶ አምሮት ሊገድልሽ ነው መሰል» አለና ጭንቅላቴን በጭቃ እጁ አሻሸኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዳችን ሆነ። የእሱን ገብስ እኔ እበላለሁ፣ የእኔን ጓያ እሱ ይበላል። የጠዋት ቂጣዬንም ጥቂት ቆርሼ እየሸሸግሁ ለምሳው እወስድለት ጀመር።

አያ ጉልበታም ነው፤ የሚፈነጭ ወይፈን ቀንዱን ይዞ ያቆማል፤ ጓያ እሱን አይችለውም አልሁ። ባለ ሁለት ምርኩዙ ውሸታም ነው አልሁ። ውሸታም ከሆነ ታዲያ እኔ ለምን አልበላም? ይህን ጥያቄ የዘጠኝ ዓመት ልጅም ብሆን ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱንም አውቀው ነበር። ለወንድሜ ብነግረው መብላቱን ይተዋል፤ መብላቱን ከተወ በሶውን ራሱ ይበላዋል፤ እኔ ደግሞ ወደ ጓያው እመለሳለሁ። ስለዚህ አልነገርሁትም።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ ወንድሜ በጭቃው ላይ ተቀምጦ ባቱን ሲያሽ አገኘሁት። «ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ብርድ ነው» አለ። እጄን ይዞ እግሩ ላይ አስቀመጠውና እሺው አለኝ። አሸሁት። ሥጋው እንደ እንጨት ደርቋል፤ ከውስጥ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እኔም አወቅሁ። ገመትሁ አልልም፤ አወቅሁ። እሱ ቀና ብሎ በሶውን ሰጠኝ፤ እኔም ተቀብዬ በላሁት።

ይህን ነው መናገር የከበደኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስምንት ቀን በልቼበታለሁ። ያልተናገርሁት ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ስለመጣብኝ ነው። አሁን ብናገር «እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ምሳ ይዤ እወርዳለሁ።

በዘጠነኛው ቀን በሬዎቹ ትልሙን ይዘው ሲሄዱ ወንድሜ ሊከተላቸው አልቻለም። ከማሳው ዳር ቆሜ አየሁት። አንዱ እግሩ በሌላው ላይ እንደ መቀስ ተጣመረና በደረቱ ወደቀ። መጀመሪያ ሳቀ፤ አዳልጦት መስሎታል። ሊነሣ ሞከረ፤ ጉልበቶቹ እርስ በርስ ተጋጩና እንደገና ወደቀ። «ነይ እስቲ፣ አንሽኝ» አለኝ። ብብቱን ይዤ ላነሣው ስል እግሮቹ ከታች እየተርገፈገፉ መሬቱን ሊይዙለት አልቻሉም። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ወንድሜ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። በሬዎቹ ማረሻውን ባዶውን እየጎተቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲሄዱ ማንም አላስቆማቸውም፤ እኔ የምጮኸው ስለ በሬዎቹ አልነበረም።

ጎረቤት ተሸክሞ ቤት ሲያስገባው እናቴ ደረቷን እየደቃች፣ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሰበርሁህ!» አለች። በግንቦት አንድ ቀን የበልግ ዝናብ መትቶት በድንገት ቤት ሲገባ እሷ ክዳኑን ከፍታ ነበር። እንፋሎቱ ጉልበቱን ያገኘው ያን ቀን ነው ብላ አመነች። ጠበል ወሰደችው፤ አልሆነም። ለንስሐ አባቷ ነገረች፤ ንስሐ ተቀበለች፤ እንፋሎት ለቀቅሁበት ብላ ጾመች፣ ሰገደች። እኔ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብዬ ስትሰግድ አያታለሁ። አንድ ቃል ብናገር ሸክሟ ይቀልላት ነበር። አልተናገርሁም። ከስምንት ዓመት በኋላ ሞት ሲይዛት እንኳ የወንድሜን እጅ ይዛ «ማረኝ» አለችው፤ እሱም «ምን አድርገሽኝ ነው?» እያለ አለቀሰ። እኔ እግሯ ሥር ቆሜ ነበር።

ለወንድሜ የታጨችው ልጅ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ቃሉን መለሱ። ወንድሜ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ፤ እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድና ምራን የሚባለውን የቆዳ ጠፍር መሥራት ለመደ። ኋላ ደግ ሴት አግኝቶ አገባ። እኔ አግብቼ መካነ ኢየሱስ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት በሶው ይመጣልኝ ጀመር።

እውነቱን በሙሉ የሰማሁት የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ልጄን ይዤ ለሳል መድኃኒት በተሰለፍሁበት በጤና ጣቢያችን ነው። ሐኪሙን የሚረዳው ድሬሰር ሁለት ምርኩዝ የያዘ ጎረምሳ አይቶ ለተሰለፍነው ሁሉ ይናገር ጀመር። እንፋሎቱ ምንም አያደርግም አለ። የሚጎዳው ለወራት እሱን ብቻ አዘውትሮ መብላቱ ነው። ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት፤ ደግሞ ሌላ እህል ቀላቅሉበት፣ ገብስም ቢሆን፣ ትንሽም ቢሆን፤ ያ ትንሽ ነገር ሰውን ሊያተርፍ ይችላል አለ። ልጄን ታቅፌ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ እንፋሎቱን ታባርር ነበር፣ ውሃውን ታስቀር ነበር። የቀረችውን ትንሽ ገብስ ደግሞ እኔ በላኋት።

በዚያው በጋ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዤ ወንድሜ ዘንድ ሄድሁ። ደጁ ላይ ምራን ሲያለፋ አገኘሁት። ሲያየኝ ደስ ብሎት ሚስቱን ጠራ። «በሶ አምጭላት! ይቺ ልጅ በሶ ሲሏት ነፍሷ ትወጣለች!» አላት። በሸክላ ጣባ መጣ። ራሱ ውሃና ጨው ጨምሮ ጨበጠና ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ። አፌን አልከፈትሁም።

«አያ፣ ያን ጊዜ በሶህን የወሰድሁብህ አምሮኝ አልነበረም።»

«ርቦሽ ነዋ።»

«ፈርቼ ነው። ጓያውን ፈርቼ። የሚሰብረው መብላቱ ነው ብሎ ባለ ሁለት ምርኩዙ ነግሮኝ ነበር።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እያወቅሽ ያንችን ጓያ ለኔ ትሰጭኝ ነበር?»

«አዎ፣ አያ።»

በሶውን ጣባው ውስጥ መለሰው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። «እናታችን በእንፋሎቱ ነው እያለች ሞተች» አለ። ምራኑን አንሥቶ ማልፋቱን ቀጠለ። ሌላ ጊዜ ስመለስ በምርኩዙ እስከ አጥሩ ድረስ ይሸኘኝ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ከቤት አልወጣም።

ጥምቀት አልፎ ሳምንቱ ሆነ፣ ዐሥር ቀኑ ሆነ፣ ወሩ አለቀ። በሶው አልመጣም። በገበያ ቀን ከጋይንት የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ሞቶ ይሆን ብዬ እፈራለሁ፤ ደግሞ በሕይወት እያለ ትቶኝ እንደሆነስ ብዬ የባሰ እፈራለሁ። ዓመቱን በሙሉ እንዲሁ ኖርሁ።

ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሰባተኛው ቀን አንድ ገበሬ የቤቴን በር አንኳኳ። ትከሻው ላይ ስልቻ ይዟል። የወንድሜ ጎረቤት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልቀበለው ስል አልሰጠኝም። ሰውዬው አፍሯል፤ መሬት መሬት ያያል።

«አይቀየሙኝ እንጂ፣ እፊትህ ትብላው ብሎኛል። ስትበላ አይተህ መጥተህ ንገረኝ ብሎኛል።»

ጣባ አመጣሁ። ውሃና ጨው አመጣሁ። ሰውዬው ስልቻውን ፈታልኝ። ጣባው ውስጥ ስጨምር ግማሹን ዱቄት መሬት ላይ አፈሰስሁት። ልጆቼ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ እናታቸው በሶ ስትበላ አይተው አያውቁም። ጨበጥሁና ጎረስሁ። አላምጬ ዋጥሁት። ሁለተኛም ጎረስሁ። እስኪያልቅ ድረስ ሰውዬው ቆሞ ጠበቀኝ።

«እንግዲህ ምን ልበለው?» አለኝ ስጨርስ።

«በላች በልልኝ» አልሁት። ሊሄድ ሲል መልሼ ጠራሁት። «ስትበላ ፈርታ ነበር ወይ ብሎ ከጠየቀህም፣ አዎ በለው።»